ንባብ ያለ ትርጓሜ፦ የላፕላስ ትራንስፎርም አስተማመር

ቦይስ እና ዲፕሪማ የጻፉት የዲፈረንሻል እኩልታዎች መማሪያ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየታደሰ የታተመ ጠንካራ መጽሐፍ ነው። በጥራቱ አልከራከርም፤ ቅሬታዬ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። በ10ኛው እትም የላፕላስ ትራንስፎርም ምዕራፍ 6 ላይ ይዘጋል፤ የእኩልታ ሲስተሞች ደግሞ ምዕራፍ 7 ላይ በማትሪክስና በአይገንቫልዩ ይጀምራሉ። ሁለቱ የሚገናኙት በምዕራፍ 7 መጨረሻ፣ ላፕላስ ከአራት መንገዶች አንዱ ሆኖ ብቅ ሲል ነው። እዚያ ሳይደረስ ደግሞ ሴሚስተሩ ሊያልቅ ይችላል።

ታዲያ ተማሪው ንባቡን ለቅሞ ትርጓሜውን ሳይዝ ይወጣል። ሠንጠረዡን ገልጦ ይቀይራል፣ አልጀብራውን ይሠራል፣ በፓርሻል ፍራክሽን ይከፋፍላል፣ መልሶ ሠንጠረዡን ይገልጣል። በቃ። መሃል ላይ ያገኘው ነገር ምን እንደሚል የሚጠይቀው የለም።

ሁለት እኩል የውኃ ታንከሮች እንውሰድ። እያንዳንዱ ከሚያስወጣው ጨዋማ ውኃ ግማሹን ለሌላው ይሰጣል፤ ግማሹ ወደ ውጭ ይፈስሳል፣ በምትኩ ንጹሕ ውኃ ይገባል። የጨዉን መጠን ሀ እና ለ እንበለው፦

ሀ′ = −2ሀ + ለ
ለ′ = ሀ − 2ለ

ሲጀመር በመጀመሪያው 1 ኪሎ ጨው አለ፣ በሁለተኛው ምንም። ወደ ኤስ ስንቀይረው (ሀ እና ለ አሁን የተቀየሩትን ይወክላሉ)፦

(ኤስ + 2)ሀ − ለ = 1
−ሀ + (ኤስ + 2)ለ = 0

ሲፈታ ሀ = (ኤስ + 2) ÷ [(ኤስ + 1)(ኤስ + 3)]፤ ለ = 1 ÷ [(ኤስ + 1)(ኤስ + 3)] ይሆናል።

እዚህ ላይ እርሳሱን እናስቀምጥ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ታህት አላቸው። ይህን ታህት ዜሮ የሚያደርጉት −1 እና −3፣ ምዕራፍ 7 ላይ እንደ አዲስ የሚፈለጉት አይገንቫልዩዎች ራሳቸው ናቸው። ሁለቱም ከዜሮ በታች ስለሆኑ ጨዉ እየመነመነ ይሄዳል። ከ−3 የሚመጣው ቶሎ ይጠፋል፤ መጨረሻ ላይ ፍጥነቱን የሚወስነው −1 ነው። ይሄን ሁሉ ሠንጠረዥ ሳንገልጥ አወቅን! ጨዉን መጀመሪያ ሁለተኛው ታንከር ውስጥ ብንጨምረው ደግሞ ላዕሎቹ ቦታ ይለዋወጣሉ እንጂ ታህቱ ንቅንቅ አይልም። ላዕሉ አነሳሱን፣ ታህቱ የሲስተሙን ጠባይ ይናገራል።

ይህ ያልተነገረው ተማሪ ኮንትሮል ኮርስ ሲገባ «ፖል» የሚባል እንግዳ ነገር ይገጥመዋል። እንግዳ እኮ አይደለም፤ ያው ታህቱን ዜሮ የሚያደርገው ቁጥር ነው።

የምሳሌዎቹ ምርጫም አይመቸኝም። ከውጭ ምንም የማይገባበትን ሲስተም በአይገንቫልዩ መፍታት እኩል ይቀላል። ላፕላስ ዋጋው የሚታየው አንድ ነገር በድንገት ሲከፈት ወይም ሲዘጋ ነው። የዚህ ስልት ዋና አባት ኦሊቨር ሄቪሳይድ (1850–1925) ራሱ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ነበር፤ ያሳሰበው ድንገት በሽቦ ላይ የሚለቀቅ ምልክት ነው። መጽሐፉ ይህን ለነጠላ እኩልታ በደንብ ያሳያል፤ ሲስተም ላይ ሲደርስ ግን ያድበሰብሰዋል።

እኔ ብጠየቅ ፈተናው ላይ ስለ ታህቱ ብቻ አንድ ጥያቄ እጨምር ነበር። ከላይ ባለው ምሳሌ −2ን ሲያሻግር ምልክቱን ያልቀየረ ተማሪ (ኤስ − 1)(ኤስ − 3) ያገኛል፤ ከዚያ ፓርሻል ፍራክሽኑን ያለ እንከን ሠርቶ ጨዉ ያለ ገደብ እያደገ የሚሄድበትን መልስ ያስረክባል። ማንም ጨው ሳይጨምር ከየት መጣ?