የትንሽ ነጋዴ የኢንተርኔት ሱቅ፤ ስለ ሶፍትዌር አመራረጥ የቀረበ ሒስ

በኢንተርኔት ዕቃ ለመሸጥ ያሰበ ትንሽ ነጋዴ አስቀድሞ የሚያጋጥመው ጥያቄ ሱቁን በየትኛው ሶፍትዌር ላይ እንደሚያቆም ነው። ይህ ሶፍትዌር በባለሙያዎች አነጋገር የይዘት ማስተዳደሪያ ሥርዓት ይባላል፤ ተግባሩም የዕቃውን ሥዕልና ዋጋ ማሳየት፥ ትእዛዝ መቀበል፥ ክፍያን ማገናኘትና የቀረውን ዕቃ መቍጠር ነው። በዚህ ጕዳይ ላይ የሚጻፉት ንጽጽሮች ብዙ ናቸው፤ አካሄዳቸው ግን አንድ ዐይነት ነው። ሥርዓቶቹን በሰንጠረዥ ይደረድሩና ይህ ርካሽ ነው፥ ያ ቀላል ነው፥ ያኛው ብዙ አገልግሎት አለው ካሉ በኋላ አንዱን አሸናፊ ያደርጋሉ።

እኛ የምንነቅፈው ይህን የአመዛዘን ዘዴ ነው። ሰንጠረዡ የሚነግረን ሱቁ በሚከፈትበት ቀን ስለሚሆነው ብቻ ነው፤ ከ5 ዓመት በኋላ ስለሚመጣው ግን ዝም ይላል። ለትልቅ ኩባንያ የተሳሳተ ምርጫ የበጀት ጕዳይ ነው፤ ትንሹን ነጋዴ ግን መነሻ ገንዘቡንና የደንበኞቹን መዝገብ ሊያሳጣው ይችላል።

ለዚህ አባባላችን የማጄንቶ ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ማጄንቶ በ2008 ወጣ፤ በነጻ የሚታደልና ኮዱም ክፍት ስለ ነበረ ብዙ ነጋዴዎች ሱቃቸውን ሠሩበት። በ2011 የኢቤይ ንብረት ሆነ፤ በ2018 ደግሞ አዶቢ በ1.68 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። በመካከሉ፥ በ2015፥ ሁለተኛው ማጄንቶ ወጣ፤ ለመጀመሪያው የተሠሩት ገጽታዎችና ተጨማሪ ክፍሎች ግን በእርሱ ላይ አይሠሩም ነበር። በ2020 ጁን 30 ቀን የመጀመሪያው ማጄንቶ ድጋፍ ሲቋረጥ ባለሱቁ ወይ ሱቁን እንደ አዲስ ማሠራት፥ ወይ የባለቤቱ ጥገና በማይደርሰው ቤት መቀመጥ ግድ ሆነበት። እርግጥ ነው፥ በጎ ፈቃደኞች ኦፕንሜጅ በሚል ስም የቀድሞውን ሥራ መጠገን ቀጥለዋል፤ ነገር ግን ከዚህ ለመጠቀምም ባለሙያ ያስፈልጋል። እንግዲህ በየሰንጠረዡ የሚመሰገነው የኮድ ክፍትነት ብቻውን ትንሹን ነጋዴ አላዳነውም።

አሁን ነገሩን ወደ አዲስ አበባ አምጥተን፥ በብር ለሚሸጥና ደንበኞቹ አማርኛ ለሚያነቡ አንድ ልብስ ሻጭ ምን እንደሚስማማው እንመርምር። ሁለቱ የታወቁት መንገዶች ሾፒፋይና ዉኮሜርስ ናቸው። ሾፒፋይ በ2006 በካናዳ የተጀመረ፥ በወር ኪራይ የሚሠራ ቤት ነው፤ ኮምፒዩተሩንም ጥገናውንም የሚያቀርበው ኩባንያው ራሱ ነው። ዉኮሜርስ ግን በ2011 ወጥቶ በዎርድፕረስ ላይ የሚገጠም ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ ባለሱቁ የማስቀመጫውን ቦታ ራሱ ይከራያል፥ ጥገናውንም ራሱ ይችላል።

የኪራይ ቤት ቀላል መሆኑን አንክድም። ይሁን እንጂ ሒሳቡ መታየት አለበት። ሾፒፋይ በ2023 በአሜሪካ በየወሩ ለሚከፍሉ ደንበኞች የመነሻውን ደረጃ ኪራይ ከ29 ወደ 39 ዶላር አሳደገ፤ በዓመት 468 ዶላር መሆኑ ነው። በ2024 ጁላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት፥ ዶላር 57 ብር ገደማ ሳለ፥ ይህ ገንዘብ 26,676 ብር ነበር፤ ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብር ሲደርስ 46,800 ብር ሆነ። አከራዩ ዋጋ ሳይጨምር ተከራዩ ላይ ኪራዩ ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ሆነ። ከዚህም በላይ የኩባንያው የራሱ የክፍያ አገልግሎት በኢትዮጵያ ስለማይሠራ፥ ነጋዴው በሌላ የክፍያ ድርጅት ሲጠቀም በመነሻው ደረጃ ከሽያጩ 2 በመቶ ለሾፒፋይ ይከፍላል፤ በ100,000 ብር ሽያጭ 2,000 ብር ማለት ነው። ሊወጣ ቢፈልግም የዕቃና የደንበኛ ዝርዝሩን ይዞ መሄድ ይችላል፤ የሱቁ ገጽታና የደንበኞቹ የይለፍ ቃል ግን እዚያው ይቀራሉ።

በዉኮሜርስ በኩል ብር በገንዘቦቹ ዝርዝር ውስጥ አለ፤ መዝገቡም ሙሉ በሙሉ በባለሱቁ እጅ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2021 ቴሌብርን ከጀመረ ወዲህ በስልክ መክፈል የተለመደ ሆኗል፤ ቻፓን የመሰሉ የአገር ውስጥ የክፍያ ድርጅቶችም ለዉኮሜርስ ማያያዣ አዘጋጅተዋል።

ንጽጽሮቹ ጨርሶ የማያነሡት ሌላ ነገር የፊደላችን ጠባይ ነው። ፊደላችን በ1999 ወደ ዩኒኮድ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቍጥር ተሰጥቶታል፤ ስለዚህ ድምፃቸው አንድ የሆነው «ሰ» እና «ሠ» ለኮምፒዩተሩ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ነጋዴው «የሠርግ ልብስ» ብሎ መዝግቦ ደንበኛው «የሰርግ ልብስ» ብሎ ቢፈልግ ልብሱ መደርደሪያው ላይ እያለ «አልተገኘም» የሚል መልስ ይወጣል። «የፀሐይ መነጽር» ብለን ብንፈትን «ጸ» እና «ፀ»፥ «ሀ»፥ «ሐ» እና «ኀ» ሲለዋወጡ «ፀሐይ» የሚለው ቃል ብቻ ቢያንስ በ6 ዐይነት ይጻፋል። ኮዱ ክፍት በሆነው ሥርዓት አንድ ፕሮግራም ዐዋቂ እነዚህን ሆሄያት ለፍለጋ ብቻ ወደ አንድ ሊመልሳቸው ይችላል፤ በኪራዩ ቤት ግን ተከራዩ የቤቱን የውስጥ አሠራር መንካት አይፈቀድለትም።

በዚህ ላይ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ነጻ የተባለውም ነጻ አይደለም ይባል ይሆናል። ተቃውሞው እውነት አለው። የማስቀመጫ ኪራይ፥ የስም ምዝገባ፥ ከሁሉም ይልቅ የማያቋርጥ የጸጥታ እድሳት ያስፈልጋል። ሱቁን ሠርቶ የጠፋ ባለሙያ ከውድ አከራይ የባሰ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው የጥገናው ውል ከሥራው በፊት መታሰር አለበት።

ስለዚህ ፍርዳችን ይህ ነው። በብር ለሚሸጥ ትንሽ ነጋዴ ዉኮሜርስ የተሻለ ነው፤ ይህም በቅርቡ የሚገኝና በየወሩ የሚከፈለው ጠጋኝ ካለው ብቻ ነው። ጠጋኝ ከሌለው ዛሬ ብዙዎች እንደሚያደርጉት በቴሌግራም ቻናል እየሸጠ፥ መዝገቡን በሥርዓት በደብተር ወይም በኤክሴል ቢይዝ ይሻለዋል፤ የተዘበራረቀ መዝገብ ያለውን ነጋዴ የትኛውም ሶፍትዌር አያስተካክለውምና። ውጭ አገር ላሉ ገዢዎች በዶላር የሚሸጥ ከሆነ ግን የምንዛሪው ነቀፋችን ይቀልላል፤ ሾፒፋይም ሊስማማው ይችላል።

ወደ ፊት ንጽጽር የሚጽፉ ሁሉ ከሰንጠረዡ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ቢያስቀድሙ እንወዳለን፤ ማን ይጠግነዋል? በየትኛው ገንዘብ ይከፈላል? ለመውጣት ሲፈለግስ ምን ይዞ ይወጣል? የሆሄያቱ ጕዳይ ግን ከነጋዴው ዐቅም በላይ ስለ ሆነ የቋንቋና የኮምፒዩተር ተማሪዎች በጋራ ሊሠሩት የሚገባ ነው፤ ለሁሉም ሱቅ የሚያገለግል አንድ የአማርኛ ፍለጋ ማስተካከያ ቢዘጋጅ ብዙ ነጋዴ ይጠቀምበታል።