ከመርፌው በፊት እግሩን

የኩላሊት እጥበት ባለሙያ ዐይኑ ክንድ ላይ ነው። ፊስቱላው ይዳሰሳል፣ መርፌው ይገባል፣ ከዚያ ለአራት ሰዓት ያህል ማሽኑና የደም ግፊቱ ይጠበቃሉ። እግሩ ግን ብርድ ልብስ ውስጥ ይቆያል። ታካሚው አልጋው ላይ ሲወጣ ካልሲውን ማስወለቅ የእጥበቱ አንድ ክፍል ሊሆን ይገባል። የእግር ደም ቧንቧ ጥበት ሌላውን ሰው ሲራመድ ባቱን እያመመ ራሱን ያስታውቃል፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ግን ብዙ አይራመድም፣ ስኳር ካለበትም ነርቩ ስለሚደነዝዝ ቁስሉ እንኳ ላይሰማው ይችላል። መዘግየቱ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል፦ በአሜሪካ በተሰበሰበ መረጃ እግራቸው ከተቆረጠ የእጥበት ታካሚዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በሁለት ዓመት ውስጥ ሞተዋል።

ለዚህ ቀላል ምርመራ አለ የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የቁርጭምጭሚት ግፊት ለክንድ ግፊት ተካፍሎ 0.9 ወይም ከዚያ በታች ከመጣ ጥበት አለ ማለት ነው። ነገር ግን የኩላሊት ሕሙማን ቧንቧ መካከለኛ ግድግዳ በካልሲየምና በፎስፌት ይደድራል፤ ጀርመናዊው ሐኪም ሞንከበርግ እ.ኤ.አ. በ1903 የገለጸው ለውጥ ነው። የደደረ ቧንቧ በግፊት መለኪያው በቀላሉ ስለማይጨመቅ ቁጥሩ ከ1.4 ሊያልፍ፣ ይባስ ብሎም ጤነኛ መስሎ ሊወጣ ይችላል። የእግር ጣት ግፊት የተሻለ ይናገራል፤ መሣሪያው ግን በየክፍሉ አይገኝም። እጅና ዐይን ግን ሁልጊዜ አሉ፦ በእግር ጀርባና ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ የደም ትርታ መፈለግ፣ ሁለቱን እግሮች በቅዝቃዜና በቀለም ማነጻጸር፣ በጣቶች መካከልና ተረከዝ ላይ ቁስል መመልከት። ሕመሙንም መለየት ያስፈልጋል። ብዙ ፈሳሽ ሲወጣ የሚመጣው ቁርጠት ጡንቻውን ጨምድዶ ይይዛል፤ ጣቱን አቃጥሎት እግሩን ከአልጋው ወደ ታች ሲያንጠለጥል የሚሻለው ሰው ግን የደም እጥረት እየነገረን ነው።

እኛ በምንሠራበት ሀርጌሳ ላይ ግን ጠንካራው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ለከፍተኛ ሕክምና ብዙዎች ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ባሕር ማዶ በሚሄዱበት ከተማ፣ ቧንቧ የሚከፍት ሐኪም ቅርብ ሳይሆን በሽታውን ማግኘት ምን ይጠቅማል? እኔ ነገሩን የማየው ከሌላው ወገን ነው። ሕክምናው ሩቅ በሆነ ቁጥር ጥቁር ጣት ይዞ መጓዝና ትንሽ ቁስል ይዞ መጓዝ እጅግ ይለያያሉ። እዚሁ የሚሠራም አለ፦ ተረከዙ አልጋውን እንዳይነካ ባቱን በትራስ መደገፍ፣ ግፊቱ እንዳይወድቅ ፈሳሹን ቀስ አድርጎ ማውጣት፣ ሲጋራ ማስቆም፣ ቁስልን በጊዜ ማከም። ታካሚውም አጋዥ ነው። ለውዱእ በየቀኑ ደጋግሞ እግሩን የሚታጠብ ሰው ውሃውን አስቀድሞ በክርኑ እንዲለካ፣ በጣቶቹ መካከል እንዲያደርቅና ቁስል ካየ እንዲነግረን ማስተማር ወጪ የለውም። ጊዜ የለም የሚለውም አያሳምንም፤ ሁለት እግር ማየት ደቂቃዎች ይበቁታል፣ ታካሚው ደግሞ ለአራት ሰዓት እጃችን ላይ ነው። ደሙን አጥርተን እግሩን ሳናይ ካሰናበትነው ሥራችንን ጨርሰናል ማለት አንችልም።