ሰባት ኩባያ፣ ስድስት ኩባያ

ሴትዮዋ ሻይ ትቀዳለች። መድረኩ ላይ ያለው አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ፔርሙዝ፣ ሰባት የፕላስቲክ ኩባያና በጨርቅ የተጋረደ የጓዳ በር ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ያሉትን ልጆች አናያቸውም፤ ድምፃቸውም አይሰማም። ከሆሳዕና በኩል መጥተው፣ ድንበር ተሻግረው፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወስዳቸውን መኪና እየጠበቁ መሆናቸውን የምናውቀው ሴትዮዋ ስኳር እያማሰለች ባሏን ስትነዘንዝ ጣል ከምታደርጋት ቃል ነው። ባልየው ይወጣል፤ ቆይቶ ይመለሳል። እሷ ለሁለተኛው ዙር ኩባያዎቹን ትደረድራለች። «ስድስት አድርጊው» ይላታል። ቀና ብላ ታየዋለች። ከዚያ አንዱን ኩባያ አንስታ ታለቀልቀዋለች፤ ደፍታ ታስቀምጠዋለች፤ ስድስቱን ትሞላለች። መብራት ይጠፋል።

አለቀ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሩብ ሰዓት አይሞላም። ያየሁት ሄሉ ውስጥ፣ በኬንያ ሞያሌ፣ የፕላስቲክ ወንበር በተደረደረበት አዳራሽ ነው። የመድረክ መጋረጃ የለም፤ መብራት ሲጠፋም ግድግዳው ሥር የቆመ ልጅ ማጥፊያውን ቀጭ አድርጎት ነው። ሰዉ ቶሎ አላጨበጨበም። ከጎኔ የተቀመጡ እናት ወደ ልጃቸው ዘንበል ብለው በኦሮምኛ «ሰባተኛውስ?» ሲሉ ሰማሁ።

ይህን ጥያቄ መድረኩ ላይ ማንም አልጠየቀም። ለእኚህ እናት የተተወ ጥያቄ ነበር። ተውኔት መጻፍ እንጀራዬ ነውና እንዲህ ያለ ሥራ ሳይ የሚሰማኝን ደስታ መደበቅ አልችልም፤ መደበቅም አልፈልግም። ብዙዎቻችን ይህ ታሪክ እጃችን ቢገባ ልጁ እንዴት እንደ ቀረ የሚያሳይ ትዕይንት እንጽፍ ነበር። ፖሊስ እናስገባ፣ ሴትዮዋን ከሕሊናዋ ጋር እናሟግት፣ የልጁን እናት ከሆሳዕና በስልክ እናስለቅስ ነበር። ያ ሁሉ ሁለት ሰዓት ይሞላል። ይህች ገና ወጣት የሆነች ደራሲ ግን አንዲት ኩባያ አነሳች።

አጭር ተውኔት ለረጅሙ መለማመጃ ነው የሚል እምነት በሙያችን ውስጥ ሥር ሰዷል። ጎበዝ ወጣት አጭር ጽሑፍ ይዞ ሲመጣ «በርታ፣ አሁን ደግሞ ሰፋ አድርገው» ይባላል። በዚህ ከቶ አልስማማም። ረጅም ተውኔት ሰውን ከሩቅ ይዞት ይመጣል፤ የት እንዳደገ፣ ማንን እንዳፈቀረ፣ ማንን እንደ በደለ ለማሳየት ጊዜ አለው። አጭሩ ግን ሰውዬው ሊወስን ሲል በር ከፍቶ ይገባል። ስለዚህ ከዚያ በፊት የሆነው ሁሉ በዕቃው፣ በአካሄዱ፣ በለመደው ጭቅጭቅ ውስጥ ተጠቅልሎ መገኘት አለበት። በሻዩ ተውኔት የሴትዮዋ እጅ ኩባያ ሲያወጣ አያመነታም፤ ወሬዋን ሳታቋርጥ፣ ዓይኗን ሳትጥል ሰባት ታወጣለች። በዚያ ጓዳ ስንት ጊዜ ስንት ልጅ እንዳለፈ የነገረን ያ እጅ ነው። ተዋናይዋ ለዚህች እንቅስቃሴ ብዙ እንደ ለፋች ያስታውቃል።

አየርላንዳዊው ጆን ሚሊንግተን ሲንጅ እ.ኤ.አ. በ1904 ለመድረክ የበቃ «ወደ ባሕር የሚጋልቡ» የሚባል ባለ አንድ ገቢር ተውኔት አለው። ባሕሩ አንድም ጊዜ አይታይም፤ የአንዲትን እናት ወንዶች ልጆች ግን አንድ በአንድ ይጨርሳል። ሩቅ ቦታ የተገኘው የሰጠመ ሰው ወንድማቸው መሆኑን እህቶቹ የሚያረጋግጡት ከሬሳው ላይ የመጣውን ካልሲ ስፌት ቆጥረው ነው። የሄሉዋን ደራሲ ሲንጅን አንብባ እንደሆነ ጠየቅኋት። ስሙንም አልሰማችም። ሰው በቁጥር እንደሚጎድል ያወቀችው ካደገችበት ሰፈር ነው፤ ኩባያውንም ያገኘችው እዚያው ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የሚራራቁ ሁለት ደራስያን በየራሳቸው መንገድ አንድ ብልሃት ላይ መድረሳቸው ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

የእኛም ቴአትር ለአጭሩ ባዳ አይደለም። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ብለው የጀመሩልን በእንስሳት ተረት ነበር፤ ተረቱ ሹማምንቱን ስለነካ ታገደ። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ዘፈኑን፣ ግጥሙንና አጭር ጨዋታውን አቀላቅሎ ሕዝብ አስለምዷል። መንግሥቱ ለማ የአንቶን ቼኾቭን «ድቡ» «ዳንዴው ጨቡዴ» ብለው አማርኛ ሲያለብሱት አንድ ክፍልና አንድ ጠብ ለአንድ ተውኔት እንደሚበቃ አሳይተውናል። የቼኾቭን ተውኔት ላላየ፦ ዕዳ ሊያስከፍል የመጣ ወንድ ባሏ ከሞተባት ሴት ጋር ይጣላል፤ ጠቡ ሽጉጥ እስከ መማዘዝ ይደርሳል፤ በዚያው ጠብ መካከል ይዋደዳሉ። ያለፈ ታሪካቸው በጠቡ ውስጥ ስለሚወጣ ሌላ ትዕይንት አላስፈለገም።

ብዙዎቻችን አጭር ድራማን የተዋወቅነው ግን ከመጽሐፍ አይደለም። በደርግ ዘመን ከቀበሌ ኪነት፣ ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያና ከፀረ ኤድስ ክበብ ነው። እኔም መድረክ የረገጥኩት በዚያ በኩል ነው፤ ባለውለታዬ ነው። ሰው እንደ ቅጠል በሚረግፍበት ጊዜ ክበቦቹ ሊያደርጉ የሚችሉትን አድርገዋል። ነገር ግን አንድ ልማድ ትተውብን ሄዱ። ድራማው ሊያልቅ ሲል ከተዋንያኑ አንዱ ወደ ተመልካቹ ዞሮ ይመክራል፤ የተሳሳተው ይጸጸታል፤ ሁሉም ተያይዘው ይዘምራሉ። ከዚያ ወዲህ «አጭር ድራማ» ሲባል ስፖንሰሩም ርእሰ መምህሩም መጀመሪያ የሚጠይቁት «መልእክቱ ምንድን ነው?» ብለው ሆነ። የሄሉ ወጣቶች ከዚህ ልማድ መላቀቃቸው ነው ልቤን የገዛው። የሻዩ ሴትዮ አትጸጸትም። ኩባያውን ደፋች፤ ነገ ማታም ሻይ ታፈላለች። ስደት ክፉ ነው ብሎ የነገረን የለም፤ ከአዳራሹ የወጣነው ግን ጉሮሯችን ደርቆ ነው።

ከድንበሩ ወዲያ ማዶ ለዚህ የሚረዳ ነገር አለ። ኬንያ ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የትምህርት ቤቶች የድራማ ፌስቲቫል ታካሂዳለች። ተማሪዎች ከሰፈር ተነስተው በካውንቲ፣ በክልል፣ እስከ ሀገር አቀፍ መድረክ ይወዳደራሉ። ዳኞቹ ነጥብ ሰጥተው ዝም አይሉም፤ ሥራው የት ላይ እንደ ጠነከረና የት ላይ እንደ ላላ ለተማሪዎቹ በይፋ ይናገራሉ። አሥራ ስድስት ዓመት ያልሞላት ልጅ የተውኔቷን መዋቅር ሰው ፊት ሲበለቱባት ቆማ ታዳምጣለች፤ በዓመቱ አርማ ትመለሳለች። በእኛ በኩል ይህን የሚመስል ዕድል ያለው፣ በ1971 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ክፍል የገባ ተማሪ ነው፤ ለሞያሌ ልጅ ደግሞ አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል።

አጭር ተውኔት ምን ያህል እንደሚከብድም በዚያ ፌስቲቫል ታይቷል። የቡቴሬ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ተማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት፣ ክሊዮፋስ ማላላ የጻፈው ተውኔት ታግዶ በፍርድ ቤት ነው የተፈቀደው። ያው ትምህርት ቤት በኤፕሪል 2025 የዚሁኑ ደራሲ «የጦርነት ማሚቶ» ይዞ ናኩሩ ሲደርስ ግን ነገሩ እስከ አስለቃሽ ጭስ ደረሰ፤ ተማሪዎቹ ብሔራዊ መዝሙር ዘምረው ሳይጫወቱ ከመድረክ ወጡ። ከ«ፋቡላ» እስከ ናኩሩ መቶ ዓመት ገደማ አለ፤ አጭር ጨዋታ ሹማምንትን ማስቆጣቱን አልተወም።

ወደ ሄሉ ልመለስ። ከሻዩ ቀጥሎ የቀረበው ተውኔት የመታወቂያ ነገር ነው። የሰሜን ኬንያ የድንበር አካባቢ ወጣት መታወቂያ ለማውጣት ለብዙ ዘመን ሽማግሌዎችና ሹሞች ያሉበት አጣሪ ኮሚቴ ፊት መቅረብ ነበረበት፤ ይህ ተጨማሪ ማጣራት እንዲቀር ፕሬዚዳንት ሩቶ ዋጂር ላይ የፈረሙት በፌብሩዋሪ 2025 ነው። ተውኔቱ የተጻፈው ከፊርማው በኋላ ቢሆንም ታሪኩ ከዚያ በፊት ነው። ሦስት ወንበር፣ ሦስት ሰዎች፣ ፊታቸው አንድ ልጅ።

ጥያቄዎቹ ይዥጎደጎዳሉ። የአባትህ ስም? የአያትህ? የአያትህ አባት? ልጁ አጥንቶ መጥቷል፤ ሁሉንም ይመልሳል። በመጨረሻ መሐል የተቀመጡት ሽማግሌ ይጠይቁታል፦ «አያትህ ከብቱን ያጠጣ የነበረው ከየትኛው ኤላ ነው?» ቦረና ለሆነ ተመልካች ከዚህ የሚበልጥ የማንነት ጥያቄ የለም። ኤላ የሚባለው ጥልቅ ጉድጓድ የጎሳ ነው፤ የማጠጫ ተራው በአባ ሄሬጋ ይያዛል፤ የአያቱን ኤላ የሚያውቅ ልጅ ማንነቱን ያውቃል። ልጁ ፊቱ ይበራል። ይህን እናቱ በሕፃንነቱ ነግራዋለች። «ዱብሉቅ!» ይላል።

ዱብሉቅ ከሜጋ ወደ ያቤሎ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ።

ቦረናነቱን የሚያረጋግጠው መልስ ኬንያዊነቱን አፈረሰበት። ልጁ የተናገረውን የሚረዳው ከተናገረው በኋላ ነው፤ ተዋናዩ ያንን በፊቱ ብቻ ነው የተጫወተው። የኮሚቴው ጸሐፊ ብዕሩን ያስቀምጣል። ሽማግሌው ግን አይናገሩም። ከዘራቸውን ያገላብጣሉ፣ እጃቸውን ያያሉ፣ ውሃ ይጠጣሉ። የእሳቸውም አባት ያጠጣ የነበረው ከዚያው እንደሆነ ቀስ ብሎ ይገባናል፤ አንድም ቃል ሳይወጣቸው። ከዚያ «ቀጣይ!» የሚል ድምፅ፣ ጨለማ።

የዚህ ጥያቄ አሠራር ሊጠና የሚገባው ነው። ደበበ ሰይፉ በ1973 ዓ.ም. «የቴአትር ጥበብ ከጸሐፌ ተውኔቱ አንጻር»ን ከጻፈልን ወዲህ ስለ ግጭት ብዙ ተምረናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ግጭት ሲባል ጩኸት ይታየናል። እዚህ ማንም ማንንም አልተሳደበም። ኮሚቴው ክፉ አይደለም፤ ልጁ አልዋሸም። ሁለት እውነቶች በአንድ ቃል ላይ ተገናኝተው አንዱ ሌላውን ጣለው። ድንበር ላይ የሚኖር ሰው ማነህ፣ ከየት ነህ፣ የት ትሄዳለህ ሲባል የሚውል ስለሆነ የሄሉ ልጆች ይህን የመሰለ ጥያቄ ለማግኘት ሩቅ አይሄዱም። መቅረጹ ግን ሙያ ነው፤ ሙያውን ይዘውታል።

ሁሉም እንዲህ አልነበረም። ያን ምሽት የቀረበ አንድ የፍቅር ተውኔት ከስልክ በሚለቀቅ ሙዚቃ ሰጥሟል፤ ተዋንያኑ ማልቀስ ያለባቸውን ቦታ ዘፈኑ አስቀድሞ ይነግረናል። ሌላው መግቢያ ላይ ተራኪ አቁሞ፣ የምናየውን ሁሉ ሳናየው ነገረን። አዳራሹ ስለሚያስተጋባም ብዙዎቹ ይጮኻሉ። እነዚህ የሚታረሙ ናቸው። የማይታረመው የሚጽፉት ነገር አለመኖር ነው፤ እነሱ ደግሞ የሚጽፉት ሞልቷቸዋል።

የመታወቂያውን ተውኔት የጻፈው ወጣት መምህር ከዝግጅቱ በኋላ መጥቶ ሰላም አለኝ።

«ጋሼ፣ መጨረሻው አልጎደለም? ሽማግሌው አንድ ነገር ቢናገሩስ ብለው የመከሩኝ አሉ።»

«ምን እንዲሉ?»

«እኔም አባቴ ከዱብሉቅ ነው እንዲሉ።»

«እንዳትነካው! ከተናገሩ እሳቸው ደግ ሽማግሌ ሆነው ይወጣሉ፤ ሰዉም ተደስቶ ቤቱ ይገባል። ዝም ሲሉ እኮ እያንዳንዳችን እሳቸው ወንበር ላይ ነው የተቀመጥነው።»

ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው። ከዚያ ደግሞ ተከራከረኝ፤ ሽማግሌው ውሃ የሚጠጡት ብዙ አይደለም ወይ፣ ከዘራው አይበቃም ወይ አለ። ትክክል ነው፣ ከዘራው ይበቃል። ከዘራና ውሃ አንድ ሥራ ነው የሚሠሩት፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ አንድን ሥራ ሁለት ዕቃ አይሠራውም። በዚህ ላይ ቆመን እስኪመሽ አወራን፤ የአዳራሹ ጠባቂ ቁልፉን እያንኳኳ አስወጣን።

አሁን ሁለቱን ተውኔቶች ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። አጭር ተውኔት ከመድረክ ሲወርድ ጽሑፉ በአንድ ደብተር ይቀርና ደብተሩ ይጠፋል፤ አሳታሚም «ቀጭን ነው» ብሎ ይመልሰዋል። አምስት ስድስቱን በአንድ ጥራዝ ማሳተም ግን ይቻላል፤ የሐዋሳም የባሕር ዳርም የቴአትር ክበብ ሦስት ወንበር አያጣም። ከዚያ በፊት በእኛ በኩል፣ በኢትዮጵያ ሞያሌ፣ ልናሳያቸው ተስማምተናል። የሻዩ ተውኔት አያሳስበኝም፤ የትም ቢሄድ ሰባት ሰባት ነው። መምህሩን ያስጨነቀው የመታወቂያው ነው፤ «ዱብሉቅ!» ሲባል እናንተ ዘንድ ያለው ሰው ያጨበጭባል፣ ለእሱ ትክክለኛ መልስ ነው፤ ታዲያ ጥያቄውን ልገልብጠው? የሚሰጠው ኤላ ኬንያ ውስጥ ያለ ይሁን? አለኝ። አይገልብጠው። ያጨብጭቡ። ጭብጨባው ሳያልቅ ጸሐፊው ብዕሩን ሲያስቀምጥ ያዩታል።