ከመርፌው በፊት

«ቫይታሚኔ ይታይልኝ» ብሎ ወደ ላቦራቶሪያችን የሚመጣው ሰው ከዓመት ወደ ዓመት እየበዛ ነው። አንዷ ጸጉሯ እየረገፈ ተጨንቃለች፤ አንዱ ጣቶቹ ይደነዝዙታል፤ የሚበዙት ግን «ሲስተር፣ ድካም ገደለኝ» የሚሉ ናቸው። እጅጌያቸውን ሰብስበው መርፌውን ሲጠብቁ እኔ ገና ጥያቄ ላይ ነኝ። ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? ሰሞኑን መርፌ ተወግተዋል? አጽዋማትን እንዴት ይጾማሉ? አንዳንዱ ይሰለቻል። እኔ ግን በሙያው በቆየሁ ቁጥር፣ የቫይታሚን ውጤት ትክክለኛነት በአብዛኛው የሚወሰነው ናሙናው ማሽኑ ጋ ከመድረሱ በፊት እንደሆነ እያመንኩ መጥቻለሁ።

በመጀመሪያ፣ «ቫይታሚን» የሚባል አንድ ምርመራ የለም። የታወቁት ቫይታሚኖች 13 ናቸው፤ እያንዳንዱም የየራሱ አለካክ አለው። እኛ ዘንድ በብዛት የሚታዘዙት ዲ፣ ቢ12 እና ፎሌት ናቸው። በድካም ለመጣ ሰው ሐኪሙ ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) እና የብረት ክምችትን የሚያሳየውን ፌሪቲን ሲጨምርበት ደስ ይለኛል፤ ቫይታሚን አነሰኝ ያለው ሰው ያነሰው ብረት ሆኖ ሊገኝ ይችላልና።

የቢ12 ነገር ከጾማችን ጋር ይያያዛል። የሚገኘው ከሥጋ፣ ከጉበት፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው፤ ሽሮና ምስር፣ ጎመንና ጤፍ ሌላ ብዙ ነገር ቢሰጡም ይህን አይሰጡም። አጽዋማቱን ሁሉ የሚጠብቅ ኦርቶዶክሳዊ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከእንስሳት ተዋጽኦ ይታቀባል። ይህን ሰምቶ ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ደንግጦ የሚመጣ አለ። ጉበት ግን ለዓመታት የሚበቃ ቢ12 ስለሚያከማች 55 ቀን አያራቁተውም። እኔን የምታሳስበኝ ፍስክ ሲገባም ሥጋ ከስንት አንዴ የምትቀምስ፣ ለስኳሯ ሜትፎርሚን፣ ለጨጓራዋ ኦሜፕራዞል ለዓመታት የወሰደች እናት ናት። ሁለቱም መድኃኒቶች ሰውነት ቢ12ን ከምግብ የመውሰድ አቅሙን ያዳክማሉ። እግሯን ሲደነዝዛት «የስኳሩ ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ስለዚህ የመድኃኒቶቹን ስም ጠይቄ በምርመራ ማዘዣው ላይ እጽፋለሁ።

ውጤቱ በሚሊ ሊትር ከ200 ፒኮግራም በታች ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጉድለት ይባላል። ከ200 እስከ 300 ባለው ግን ቁጥሩ ብቻውን አይፈርድም፤ ከተቻለ ሜቲልማሎኒክ አሲድን መለካት ይበጃል፤ ሴሎች ቢ12 ሲያጥራቸው እሱ ይጨምራልና። «ትናንት ቢ ኮምፕሌክስ ተወግቻለሁ» ካለኝ ሰው ደም ብቀዳ ደግሞ የምለካው መርፌውን ነው። በራሱ ፈቃድ ፎሊክ አሲድ ብቻ የሚውጥም አለ። ይህኛው ያስፈራኛል፤ የደም ማነሱ ተሻሽሎ ሲታይ በቢ12 ጉድለት የሚመጣው የነርቭ ጉዳት ውስጥ ለውስጥ ሊቀጥል ይችላል።

ጸጉሯ የሚረግፍባትን ሴት ስለ ባዮቲን ሳልጠይቅ አልነካትም። ብዙ የሆርሞንና የቫይታሚን መለኪያዎች ባዮቲንን ራሱን በአሠራራቸው ውስጥ ይጠቀሙበታል። ለጸጉርና ለጥፍር ተብሎ በከፍተኛ መጠን የተዋጠው ባዮቲን ደም ውስጥ ተርፎ የመለኪያውን ባዮቲን ቦታ ይሻማል። በእንዲህ ዓይነቶቹ ማሽኖች ዲ እና ቢ12 ከእውነቱ በላይ፣ የታይሮይድ ምርመራው ቲኤስኤች ደግሞ ከእውነቱ በታች ሆነው ሊወጡ ይችላሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2017 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ አስጠንቅቋል። እንክብሉን አቁማ ቢያንስ ከሁለት ቀን በኋላ እንድትመለስ እነግራታለሁ።

ከዚህ በኋላ ነው እጅ የሚዘረጋው። በጠይም ክንድ ላይ ደም ሥር የሚፈለገው በጣት ነው። ማሰሪያውን ከክርን በላይ አስሬ አመልካች ጣቴን መታጠፊያው ላይ አሳርፋለሁ። ጅማት ከሆነ ይደርቃል፤ ደም ቅዳ ከሆነ ከጣት ሥር ይመታል፤ የምፈልገው ተጭኜ ስለቀው መልሶ የሚነሳውን ነው። ማሰሪያው ከአንድ ደቂቃ አያልፍም፤ ካላገኘሁ ፈትቼ እጁን አሳርፌ እንደገና እጀምራለሁ። አልኮሉ እስኪደርቅም እጠብቃለሁ፤ እርጥቡ ያቃጥላል፣ ቀይ የደም ሴሎችንም ሊያፈነዳ ይችላል። በቀጭን መርፌ ደሙን በኃይል መሳብም እንደዚያው። ቀይ ሴል የያዘው ፎሌት በሴረም (ደሙ ሲረጋ በሚለየው ፈሳሽ) ካለው ብዙ እጥፍ ስለሆነ፣ ጥቂት ሴሎች ቢፈነዱ ፎሌት የጎደለው ሰው የሞላለት ይመስላል። ስለዚህ ቀላ ብሎ የወጣ ሴረም ለፎሌት አይለካም፤ ሰውየው ቢያጉረመርምም እንደገና ይቀዳል።

ባለ ቢጫ ክዳኑ ብልቃጥ ከባለ ሐምራዊው ይቀድማል። በሐምራዊው ውስጥ ያለው ኢዲቲኤ ካልሲየምን ይይዛል፤ ከእሱ ትንሽ እንኳ ወደ ቢጫው ቢሻገር ካልሲየም ያለ ቅጡ ዝቅ ሊል ይችላል። ቫይታሚን ዲ ሲታይ ካልሲየምም አብሮ ስለሚታይ ሐኪሙ የሌለ በሽታ ፍለጋ ይገባል። ቢጫውን ቀስ ብዬ ገልበጥ ገልበጥ አድርጌ ደሙ እስኪረጋ 30 ደቂቃ ያህል አቆየዋለሁ። ሳይረጋ ሴንትሪፊውጅ የገባ ደም ሴረሙ ውስጥ ፋይብሪን ያስቀርና የማሽኑን መምጠጫ ይዘጋል። ተራ ጠባቂው ሲበዛ ይህችን ግማሽ ሰዓት ማሳጠር ያምራል። እኔ ግን አላሳጥርም፤ ከእኔ ጋር የሚሠሩ ወጣቶችም እንዲያሳጥሩ አልፈቅድም።

ስለ ዲ ሳነሳ «የ13 ወር ፀሐይ ባለበት አገር?» ይሉኛል። ፀሐይዋ አለች፤ ቆዳችን ጋ መድረሷ ነው ጉዳዩ። ጠቆር ያለ ቆዳ ዲ ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ቀኑን ቢሮ የሚውለው፣ ዐረብ አገር ሰው ቤት ተዘግታ ዓመታት የሠራችው እህት ይህን ጊዜ ከየት ያገኛሉ? ከሁሉም የሚያሳዝኑኝ «ምች ይመታዋል» እየተባለ ተጠቅልለው ቤት የሚያድጉ ሕፃናት ናቸው። ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በ1997 እ.ኤ.አ. በላንሴት መጽሔት ያወጡት የአዲስ አበባ ጥናት የሳንባ ምች የያዛቸውን 500 ሕፃናት ካልያዛቸው 500 ጋር አስተያይቷል። በዲ ጉድለት የሚመጣው የአጥንት መልፈስፈስ፣ ሪኬትስ፣ የተገኘው ከመጀመሪያዎቹ በ210፣ ከሁለተኞቹ በ20 ላይ ነበር። ልጅ ታቅፋ ለራሷ ምርመራ የመጣች እናት ባየሁ ቁጥር ስለ ልጁ ፀሐይ ሳልጠይቅ አላልፍም።

በማዘዣው ላይ መጻፍ ያለበት 25-ሃይድሮክሲ ቫይታሚን ዲ ነው። 1፣25 የሚባለውን ማዘዝ ለዚህ ጉዳይ አይረዳም፤ ዲ ሲጎድል ሰውነት ይህኛውን ሊያሳድገው ስለሚችል ጉድለቱ ይሸፈናል። ከውጭ ውጤት ይዘው የሚመጡም መለኪያውን ይዩ፤ 50 ናኖሞል በሊትር ማለት 20 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ነው፤ ምንም አልወረደም። ምንም ሕመም የሌለበት ጎልማሳ «ለማንኛውም» ብሎ ሲመጣ ደግሞ ገንዘቡን ለእንቁላልና ለወተት ቢያውለው እመርጣለሁ። የአሜሪካ የኢንዶክሪን ማኅበርም በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለጤናማ ጎልማሶች የዲ ምርመራ እንደ ልማድ እንዳይታዘዝ መክሯል።

ሕክምና የጀመረ ሰው በወሩ ተመልሶ «ስንት ደረሰ?» ሲለኝ እንዲታገሥ እለምነዋለሁ። የዲ መጠን ተረጋግቶ የሚታየው ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ነው። ያኔም በፊት በተለካበት ላቦራቶሪ ይለካ፤ ማሽን ከማሽን ይለያያልና። የበፊቱን ወረቀት ይዞ፣ የሚውጠውን እንክብልም ከነማሸጊያው ይዞልኝ ይምጣ።