ስለ ሄፓታይተስ ቢ ክትባት፤ ስንቱ ተቀበለ ወይስ ለስንቱ ቀረበ?

ከወንዶች ጋር ግብረ ሥጋ ግንኙነት ከሚያደርጉ ወንዶች መካከል የሄፓታይተስ ቢ ክትባት የተቀበለው ስንቱ ነው እያሉ የሚመረምሩ የውጭ አገር ጽሑፎች አያሌ ናቸው። ይህንኑ መለኪያ ይዘን ወደ ላስታ ብንወጣ ይሠራልን? ብለን ልንመረምረው ወደድን።

አስቀድመን የጽሑፎቹን ዓላማ እናመሰግናለን። በሽታው በደም፣ በግብረ ሥጋና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። የክትባቱ ፍቱንነት የተረጋገጠውም በእነዚሁ ሰዎች ፈቃደኝነት ነው፤ ይኸውም ዶክተር ዎልፍ ስሙነስ በኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ1978 የጀመሩት ሙከራ 1083 እንዲህ ያሉ ወንዶችን የያዘ ሲሆን፣ ውጤቱ በ1980 ታትሟል።

ነቀፌታችን በመለኪያው ላይ ነው። ተቀባይ ለመቍጠር አስቀድሞ ሰጪ ሊኖር ይገባል። በአገራችን ይህ ክትባት በመደበኛነት ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለደው የላሊበላ ጎልማሳ በሕፃንነቱ አልደረሰውም። በሐኪም ቤት ሠራተኞች ላይ የተደረጉ የአገራችን ጥናቶች እንኳ ላለመከተብ ከሚሰጧቸው ምክንያቶች መካከል የክትባቱ አለመገኘትና ውድነት ይገኙባቸዋል። በሐኪም ቤት የሚውለው ካላገኘ፣ በ6 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ገደል ወርዶ ዳገት ወጥቶ መመላለስ የሚኖርበትን የላስታ ገበሬ «አልተቀበለም» ብሎ መመዝገብ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ጥያቄው ራሱ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ድርጊቱን ወንጀል አድርጎታል። ሰው ለነፍስ አባቱ እንኳ ለመናገር የሚጨነቅበትን ምስጢር ለመዝገብ ጸሐፊ ይገልጣል ማለት የዋህነት ነው። እንዲህ ተጠይቆ የሚገኘው አኃዝ የፍርሃትን ልክ ያሳይ ይሆናል እንጂ የሰዎቹን ብዛት አያሳይም።

ሦስተኛም፣ ዓይንን ቢጫ የሚያደርገውን ሕመም ሕዝባችን «የወፍ በሽታ» ብሎ በሌሊት ወፍ ያሳብባል። ነገር ግን ቫይረሱን የተሸከመ ሰው ያለ አንዳች ምልክት ብዙ ዓመት ሊኖርና በመጨረሻ በጉበት ካንሰር ሊያዝ ይችላል። ይህን ያላወቀ ሰው ክትባት ናቀ አይባልም።

ምናልባት «ለአደጋ የተጋለጠው ካልተለየ ክትባቱ ለማን ይሰጣል?» የሚሉን ይኖራሉ። መልሳችን አጭር ነው፤ ምርመራውና ክትባቱ ኑዛዜ ሳይጠየቅበት ለሚሻ ጎልማሳ ሁሉ ይቅረብ። ያን ጊዜ እነዚህም ወንዶች ስማቸው ሳይነሣ ከሌላው ጋር ተሰልፈው ይከተባሉ። እኛ ተማሪዎችም ስንቱ ተቀበለ ከማለታችን በፊት ለስንቱ ቀረበ ብለን እንጠይቅ።