የቀረችው ሰባተኛ ቁጥር

ወዳጆቼ፣ በየኅብረታችን መድረክ ደጋግመን ካየናቸው ድራማዎች አንዱ የመበለቲቱ ዘይት ነው። አካሄዱን ታውቁታላችሁ። አበዳሪው ልጆቿን ለባርነት ሊወስድ ይመጣል፤ እናት ታለቅሳለች፤ ኤልሳዕ ይደርሳል፤ ዘይቱ ይፈስሳል፤ ዝማሬ ይነሣል፤ እልል ይባላል። በዚሁ ያበቃል። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት ለኅብረታችን እንዲህ ያለ ድራማ ጽፌ ነበር። ስለዚህ ዛሬ የምተቸው ከሁሉ በፊት የራሴን ሥራ ነው።

ድራማው በቀረበበት ምሽት ከተመልካቾቹ መካከል ከፈላና በር ውጭ ባለው ሠፈር ቤት ተከራይቶ የሚኖር አንድ ወንድም ነበር። መምህር ነው፤ ሁለት ልጆች አሉት። ሁላችንም ስናጨበጭብ እርሱ ቀስ ብሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንታት አላየነውም። ቤቱ ሄጄ ስጠይቀው፣ “የሰው ሁሉ ዘይት ይፈስሳል፤ የእኔ ወር በገባ በሃያ ቀኑ ያልቃል። ምን ብዬ ልምጣ?” አለኝ።

የዚያን ዕለት ማታ 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 4ን ገልጬ ታሪኩን እንደ አዲስ አነበብኩት። ሰባት ቁጥሮች ናቸው። የእኔ ድራማ በስድስተኛዋ ላይ ያልቃል።

ሰባተኛዋ ምን ትላለች? ዘይቱ ከቆመ በኋላ ሴትየዋ ወደ ነቢዩ ተመልሳ የሆነውን ትነግረዋለች። እርሱም ዘይቱን እንድትሸጥ፣ ዕዳዋን እንድትከፍል፣ በተረፈው ደግሞ ከልጆቿ ጋር እንድትኖር ይነግራታል። ልብ አድርጉ፤ ታሪኩ የሚያበቃው በገበያ፣ በዕዳ ክፍያና በቤት ወጪ ነው። ዕዳው በተአምር አልተሰረዘም፤ አበዳሪው ገንዘቡን ይቀበላል። ሴትየዋ ባለጸጋ ሆነች የሚል ቃልም የለም። ጸሐፊው ተአምሩን በጥቂት መስመሮች ነግሮን ወዲያው ወደ ሂሳቡ ያልፋል።

እኛ ግን ይህችን ቁጥር እንቆርጣታለን። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ መሸጥና መክፈል መድረክ ላይ አያምርም። ከዚህ የከፋው ግን ሌላ ነው። በድራማዎቻችንና በአጫጭር ልቦለዶቻችን ውስጥ የሚኖሩት ሁለት ዓይነት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ የሚበላው ያጣና ጌታ ባርኮት መኪና የገዛ። በመካከል ያለው፣ ደመወዝ የሚቀበለው፣ ለልመና የማይወጣው፣ ግን ወሩን መግፋት የሚያቅተው ሰው የለም። የመበለቲቱ ቤት ግን ለዚህ ሰው ቤት የቀረበ ነው። ባሏ ከነቢያት ልጆች አንዱ ነበር፤ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው እንደ ነበርም ተነግሮናል። አባወራው ሲሞት ዕዳው ያንገዳገደው፣ በቤቱ ጥቂት ዘይት ብቻ የቀረው ደህና ቤተሰብ ነው።

የአማርኛ ልቦለድ ደመወዝተኛውን ሰው ዋና ገጸ ባሕርይ ካደረገው ቆይቷል። በዓሉ ግርማ በ1962 ዓ.ም. በታተመው “ከአድማስ ባሻገር” አበራ ወርቁን በቢሮ ሥራውና በሥዕል ፍላጎቱ መካከል አስጨንቆ አሳይቶናል። አበራ ግን ላጤ ነው፤ ጥያቄው “ምን ልሁን?” የሚል ነው። የመበለቲቱ ጥያቄ ሁለት ልጆች አስከትሎ ይመጣል። የእኛ ጽሑፍ ሊሞላ የሚገባው ክፍተት ይኸኛው ይመስለኛል።

እስቲ እርሳስ ያዙ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በመጀመሪያ ዲግሪ ሥራ የሚጀምር የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል። ከዚህ የሥራ ግብር 2,100 ብር፣ የጡረታ 7 በመቶ 805 ብር ሲቀነስ እጅ ላይ የሚደርሰው 8,595 ብር ነው። አሥራት ከጠቅላላው ከተሰላ 1,150 ብር ይወጣል፤ 7,445 ብር ይቀራል። የቤት ኪራዩን፣ ጤፉን፣ የልጆቹን ትምህርት፣ ዕድሩን፣ ለእናት የሚላከውን እናንተው ቀንሱና የተረፈውን ለሠላሳ አካፍሉት። ከዚያም ፈላና በር ወጥታችሁ አንድ መደብ ቲማቲም ዋጋ ጠይቁ።

ዘይቱንም ጠይቁ። የምግብ ዘይታችን አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ደመወዙ ቢጨመርም ኑሮው ቀድሞት ሄዷል። ስለዚህ ይህ ወንድም ያለቀበት እምነት አይደለም፤ ብር ነው። የእኔ ድራማ ግን ሁለቱን አንድ አደረገበት።

አንዳንዶቻችሁ “መቁጠር እምነት ማነስ አይሆንም ወይ?” ትሉ ይሆናል። ጽሑፉን ተመልከቱ። ነቢዩ ገና ሲጀምር በቤቷ ምን እንዳለ ይጠይቃታል፤ ይህ ቆጠራ ነው። የመጨረሻው ምክሩም ሂሳብ ነው። ተአምሩ የተቀመጠው በሁለት ቆጠራዎች መካከል ነው።

የዕቃ ልመናውንስ? ይህን ክፍል ከሐረር ሰው የተሻለ የሚረዳው ያለ አይመስለኝም። የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ከነበረበት ጊዜ ወዲህ ውሃችን በአብዛኛው ከድሬዳዋ በኩል በቧንቧ እየተገፋ የሚመጣ ነው። ውሃ በመጣ ቀን ባዶ ጀሪካን ከጎረቤት ያልተዋሰ ማን አለ? ሙስሊሟ ጎረቤታችን “ውሃው ሳይሄድ ቶሎ ውሰጂ” ብላ ትሰጠናለች። መበለቲቱም ያለ ጎረቤቶቿ ዕቃ ዘይቱን የምትቀዳበት አልነበራትም። በእኔ ድራማ ጎረቤቶቹ እልል የሚሉ አጃቢዎች ብቻ ነበሩ። በጽሑፉ ግን የሰጡት ነገር ባይኖር ታሪኩ ባልቀጠለ።

አሁን ድራማውን እንደገና ጽፌዋለሁ። ሂሳቡን ያ ወንድም ነው ያረመልኝ፤ “እዚህ ጋ ዕድሩን ረስተሃል” እያለ። የእርሱ ወር ዛሬም ከሃያ አይዘልም። ሆኖም አብሮን ይቀመጣል፤ መዋጮ ሲባልም ያለውን ይናገራል፤ የሌለውንም እንዲሁ። ከእርሱ በኋላ ሌሎች ሁለት ቤተሰቦች ስለ ቤታቸው ዕዳ አፍ አውጥተው ተናገሩ። ይህ በኅብረታችን ከዚህ በፊት ሰምቼው የማላውቀው ጸሎት ነበር።

እናንተም ለመጽሔታችን ስትጽፉ አደራ፤ ዋጋውን ጻፉ። ገጸ ባሕርያችሁ ስንት ብር እንደሚያገኝ፣ ስንት እንደተበደረ፣ ከማን እንደተዋሰ አንባቢ ይወቅ። ጌታ በዚያ ቤት ሠርቶ ከሆነ ሥራው በሂሳቡም ውስጥ ይታያል። ሰባተኛዋን ቁጥር አትቁረጧት።