ሞክሼ ፓይተኖች

«አንዳንዴ ያልፋል፣ አንዳንዴ ይወድቃል።» ስለ ቢልድ (ኮድን ወደሚሠራ ፕሮግራም ስለሚለውጠው ሂደት) ብልሽት ሲነገረኝ በብዛት የምሰማው ይህን ነው። ኮዱን ማንም አልነካውም፤ ጠዋት ያለፈው ቢልድ ከሰዓት ይወድቃል፣ እንደገና ሲያስጀምሩት ደግሞ ያልፋል። ለእኔ «አንዳንዴ» ማለት ገና ያላገኘነው ምክንያት አለ ማለት ነው። የሙያችን ክብርም ያንን ምክንያት እስክናገኘው አለመተኛት ነው።

ፓይተን በሚጠቀሙ ፕሮጀክቶች ላይ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የኢንተርፕሪተሮች፣ ማለትም ኮዱን የሚያስኬዱት የፓይተን ፕሮግራሞች፣ መደባለቅ ሆኖ ይገኛል። በአንድ ማሽን ላይ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጋር የመጣ ፓይተን አለ፤ ኮንዳ የተባለው ፓኬጅ አስተዳዳሪ ያመጣው አለ፤ የፓይተን ቨርዥኖችን በሚያቀያይረው ፓይኤንቭ የተጫነም አለ። ሁሉም ሞክሼ ናቸው። ሞክሼዎች በበዙበት ቤት ስም ብቻ ብትጠራ ቀድሞ የሰማህ «አቤት» ይላል። ስክሪፕትም «ፓይተን» ሲል የሚመጣለት በፓዝ፣ ማለትም ፕሮግራሞች በሚፈለጉባቸው ፎልደሮች ዝርዝር፣ ውስጥ ቀድሞ የተገኘው ነው።

አንድ የተለመደ ጉዳይ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ፓይተን 3.12 ዲስትዩቲልስ የተባለውን የቆየ ሞጁል አስወግዷል። ሥራ ከሚከፋፈሉ የቢልድ ሰርቨሮች አንዱ ብቻ ወደ 3.12 ቢያድግ፣ በሞጁሉ የሚተማመን ስክሪፕት እዚያ ይወድቃል፤ ሌሎቹ ላይ ግን ያልፋል። ሥራው የትኛው ሰርቨር ላይ እንደሚያርፍ የሚወስነው ወረፋው ነው። ፕሮግራመሩ ወደዚያው ሰርቨር ገብቶ በእጁ ሲሞክረው ደግሞ ይሠራለታል፤ ተርሚናሉ ሲከፈት የግል ማስተካከያ ፋይሉን አንብቦ ሌላ ፓይተን ያስቀድማልና። አውቶማቲኩ ቢልድ ግን ያንን ፋይል ላያነበው ይችላል።

ስለዚህ መጠየቅ ያለበት የወደቀው ቢልድ ራሱ ነው። ሥራ ሲጀምር የኢንተርፕሪተሩን ሙሉ አድራሻ፣ ቨርዥኑን፣ እንዲሁም ዋና ዋና ሞጁሎች ከየትኛው ፎልደር እንደተጫኑ ሎግ ላይ እንዲጽፍ አደርጋለሁ። ከዚያ ያለፈውንና የወደቀውን ሎግ ጎን ለጎን አስቀምጬ አነባለሁ። ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች አያልፍም።

የምርመራው ከባዱ ክፍል ከቀድሞ ቢልዶችና ጭነቶች የሚተርፈው ቅሪት ነው። ሲሜክ የተባለው የቢልድ መሣሪያ አንድ ጊዜ ያገኘውን የፓይተን አድራሻ ካሹ ውስጥ ይዞ ይቆያል፤ ፓዙ ቢስተካከልም በአሮጌው ይቀጥላል። ለ3.10 ኮምፓይል የተደረገ ኤክስቴንሽን በአብዛኛው በ3.11 አይጫንም። በተጠቃሚው ሆም ፎልደር ውስጥ ያሉ ፓኬጆችን ደግሞ የሲስተሙም የኮንዳውም 3.10 በጋራ ሊያነቧቸው ይችላሉ። «ሁሉንም አጥፍተህ እንደገና ሞክር» የሚለው ምክር የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፤ ቢልዱን ያሳልፍና ማስረጃውን ያጠፋል። እኔ መጀመሪያ የወደቀውን ፎልደር ቅጂ አስቀምጣለሁ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ እየቀያየርኩ፣ በፈለግሁ ጊዜ ላስወድቀው እስክችል እሞክራለሁ። በፈቃዴ ማስወደቅ ያልቻልኩትን ችግር ፈታሁት አልልም።

መፍትሔው ከምርመራው ይልቅ አጭር ነው። እያንዳንዱ ፕሮጀክት የራሱ ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት ይኑረው፤ መሣሪያው እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ፣ ከ3.3 ወዲህ፣ ከፓይተን ጋር አብሮ ይመጣል። ፓኬጅ የሚጭነው ፒፕ በራሱ ስም ሳይሆን በተመረጠው ፓይተን በኩል ይጠራ። ለሲሜክ የኢንተርፕሪተሩ ሙሉ አድራሻ ይሰጠው። ሞጁሎች ከሌላ ፎልደር እንዲጫኑ የሚያደርገው ፓይተንፓዝ የተባለው ተለዋዋጭ ከቢልዱ ይውጣ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ዴቢያን 12 የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፒፕ በሲስተሙ ፓይተን ላይ እንዳይጭን መከልከሉም የሲስተሙ ፓኬጆች ከፒፕ ጭነቶች ጋር እንዳይደባለቁ ነው፤ ክልከላውን በትእዛዝ አልፎ መሄድ ነገ የሚከፈል ዕዳ መግባት ነው።

ይህን ያህል የምጨነቅበት ምክንያት የጠፋው ሰዓት ብቻ አይደለም። ቀይ ምልክት ባየ ቁጥር እንደገና ማስጀመር የለመደ ቡድን፣ እውነተኛ ስህተት ሲመጣም ያንኑ ያደርጋል። ቢልድ የሚሠራው ሲታመን ነው፤ እያንዳንዱን «አንዳንዴ» ምክንያቱን እስክናውቅ መከታተልም ያንን እምነት የመጠበቅ ሥራ ነው።